አምስት ለባዶ

ስለ ሆላንዳዊው አሰልጣኝ ስለ ጉስ ሂዲንክ በአገራችን ቋንቋ ሲወራና ሲጻፍ እሰማለሁ፤ አነባለሁም። በሬዲዮ ይሁን በጋዜጣ፣ በቡና ቤት ይሁን በሰፈር ወግ፣ አንዲት ቃል ግን ቀርታ አታውቅም፤ «ተአምር»። ሰውየው ወደ ደቡብ ኮሪያ ሄደና ተአምር ሠራ፤ ወደ አውስትራሊያ ተሻገረና ተአምሩን ደገመው፤ ሩሲያ ገባና ሠለሰው። እኔም ዛሬ ይህችን ቃል አነሣኋት፤ ያነሣኋት ግን ልጥላት ነው።

ተአምር የቅዱሳን ነው። የሰው ልጅ በላቡና በጊዜው ያገኘውን ነገር ተአምር ብሎ መጥራት ምስጋና ይመስላል እንጂ ምስጋና አይደለም፤ የሠሪውን ድካም መንጠቅ ነው። የሰሚውንም ሸክም ያቀልለታል። ነገሩ ተአምር ከሆነ እኛ ምን እናድርግ? ቁጭ ብሎ ተአምር ሠሪውን መጠበቅ ነዋ! ስለዚህ ጠቤ ከሂዲንክ ጋር አይደለም። ጠቤ ከቃሏና ቃሏ ከምትሸፍነው እውነት ጋር ነው። የምትሸፍነውም እውነት፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ይህ ነው፤ ሰዎች ለእንግዳ የሚሰጡትን ጊዜና ነፃነት ለገዛ ልጃቸው ይነፍጋሉ።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሂዲንክ በ1946 በምሥራቅ ሆላንድ ቫርሰፌልድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። የክራይፍ ትውልድ ነው፤ ክራይፍ ግን አልነበረም። የመሐል ሜዳ ተጫዋች ሆኖ አብዛኛውን ዘመኑን ያሳለፈው ደ ግራፍስካፕ በተባለ የአገር ቤት ክለብ ነው። በመካከሉ በፒኤስቪና በኔሜኸን ተጫውቷል፤ አትላንቲክን ተሻግሮም በዋሽንግተንና በሳን ሆሴ ክለቦች ኳስ መቷል። ከጨዋታው ጎን ለጎን የስፖርት መምህር ነበር፤ የሚያስተምራቸውም በጠባያቸው ያስቸገሩ ልጆችን ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ነገር ልብ በልልኝ። ኋላ ላይ በየአገሩ ሲዞር በሻንጣው የያዘው ዕውቀት፣ ከሜዳው ይልቅ ከዚያ ትምህርት ቤት የተገኘ ይመስለኛል።

በአሰልጣኝነት ስሙን ያገነነው በ1988 ፒኤስቪን ይዞ የአውሮፓ ክለቦችን ዋንጫ ሲያነሣ ነው። ያንንም ቢሆን «ተአምር» ያሉት አልጠፉም። እስቲ መዝገቡን እንግለጠው። ፒኤስቪ ከሩብ ፍጻሜው ጀምሮ እስከ ፍጻሜው ድረስ ባደረጋቸው አምስት ጨዋታዎች አንዱንም በመደበኛው ሰዓት አላሸነፈም። ከቦርዶ ጋር 1 ለ 1 እና 0 ለ 0፤ ከሪያል ማድሪድ ጋር እንደገና 1 ለ 1 እና 0 ለ 0፤ በሽቱትጋርት ከቤንፊካ ጋር በተደረገው ፍጻሜ 0 ለ 0 ሆኖ በመለያ ምት 6 ለ 5። ይህ የሰማይ መብረቅ አይደለም። ሳይሸነፉ መቆየትን እንደ ሙያ ያጠና፣ ከሜዳው ውጭ ያገባትን አንዲት ጎል እንደ ጥሪት የጠበቀ ቡድን ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰውየው መንገደኛ ሆነ። ፌነርባቼ፣ ቫሌንሲያ፣ የሆላንድ ብሔራዊ ቡድን፣ ሪያል ማድሪድ፣ ሪያል ቤቲስ። እዚህ ላይ ቆም እንበልና ወደ ርዕሳችን እንግባ።

ሰኔ 20 ቀን 1998፣ ማርሴይ። በሂዲንክ የሚመራው የሆላንድ ቡድን በዓለም ዋንጫው ደቡብ ኮሪያን 5 ለ 0 አሸነፈ። የኮሪያ አሰልጣኝ ቻ ቡም ኩን ነበሩ፤ በጀርመን ቡንደስሊጋ ለዓመታት የነገሡ፣ እስያ ካፈራቻቸው ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ። የኮሪያ ፌዴሬሽን ምን አደረገ? ውድድሩ እስኪያልቅ እንኳ አልታገሠም። አንድ የምድብ ጨዋታ እየቀራቸው ቻን አሰናበታቸው። በአንድ ምሽት የአገር ኩራት የነበረው ሰው የአገር ኀፍረት ተደርጎ ወደ ቤቱ ተሸኘ።

ግንቦት 30 ቀን 2001፣ ዴጉ። አሁን ሂዲንክ የኮሪያ አሰልጣኝ ነው። ፈረንሳይ መጣችና በኮሪያ ምድር 5 ለ 0 አሸንፋ ሄደች። በነሐሴ ደግሞ ቼክ በአገሯ ደገመቻት፤ አሁንም 5 ለ 0። ጋዜጦቹ «አምስት ለባዶ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ተቹት፣ ቀለዱበት፣ ይባረር ያሉም ነበሩ። ፌዴሬሽኑ ግን አላሰናበተውም።

አንባቢ ሆይ፣ ሦስቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። አምስት ለባዶ የአገር ልጅ ሲሸነፍ ወንጀል ነው፤ እንግዳው ሁለት ጊዜ ሲሸነፍ «ዕቅድ ይኖረዋል» ይባላል። ተአምር ተደረገ ከተባለ፣ ተአምሩ ይህ ትዕግሥት ነው። ትዕግሥት ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ በጽሕፈት ቤት ተቀምጠው በሚወስኑ ሰዎች እጅ ያለ ነገር ነው። ለቻ ቡም ኩን ሊሰጡት ይችሉ ነበር። አልሰጡትም።

እንግዲህ በተሰጠው ጊዜ ሂዲንክ ምን ሠራበት? የሰውየው ሙያ ያለው እዚህ ላይ ነውና እውነቱን ሳንቆርስ እንናገር። ክለቦቹ ከለመዱት ውጭ ለረጅም ጊዜ ተጫዋቾቻቸውን ለብሔራዊ ቡድኑ ለቀቁለት። የአካል ብቃት ባለሙያ አመጣ፤ ልጆቹን እንደ ብረት አስቀጠቀጠ። ደካሞችን ጠርቶ በድል ከመጽናናት ይልቅ ከጠንካሮች ጋር ገጥሞ መማርን መረጠ። ውጤቱም ከዓለም ዋንጫው በፊት ታይቶ ነበር። በግንቦት 2002 ስኮትላንድን 4 ለ 1 አሸነፉ፤ ከእንግሊዝ ጋር 1 ለ 1 ተለያዩ፤ ዓምና 5 ለ 0 ለረመረመቻቸው ፈረንሳይ 3 ለ 2 ብቻ ተሸነፉ። ተአምር ቀድሞ በጋዜጣ ይታወጃል እንዴ? ይህስ አንድ ዓመት ተኩል የተዘራ ዘር ማሽተት ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ግን ኳስ ነክ ያልሆነ የሚመስለው ሥራው ነው። ኮርያኛ እንደ አማርኛችን የማዕረግ ቋንቋ ነው። ለታላቅ የሚነገረው ግስ ለታናሽ ከሚነገረው ይለያል፤ በአንድ ዓመት የሚበልጥህ ሰው እንኳ በስሙ አይጠራም። ሂዲንክ በቡድኑ ውስጥ ታናናሾቹ ለብቻ፣ ታላላቆቹ ለብቻ ማዕድ ሲቀርቡ አየ። በሜዳም ወጣቱ ለአንጋፋው ለመጮኽ ሲያፍር፣ ኳሷንም ባለችበት ሁኔታ ሳይሆን በዕድሜ ቅደም ተከተል ሲያቀብል አስተዋለ። አስቡት እንጂ! ተከላካዩ ከኋላ ሲመጣበት ለአንጋፋው «እባክዎን ይጠንቀቁ፣ ሰው መጥቶብዎታል» ብሎ እስኪጨርስ ኳሷ ከመረብ ትገባለች። «ሰው!» ብሎ መጮኽ ሲገባው።

ስለዚህ አንቱታውን በሜዳ ውስጥ ሻረው። በስም ተጠራሩ፣ አብራችሁ ብሉ አላቸው። ኮርያውያን እስከ ዛሬ እየሳቁ የሚያወሩት ወግ አለ። ከወጣቶቹ አንዱ የቡድኑን አንበል፣ ያን የተከበረ ሆንግ ምዩንግ ቦን፣ በባዶ ስሙ ጠርቶ «ምግብ እንብላ» አለው ይባላል። ለእኛ ጆሮ ቀላል ነገር ይመስላል። ታላቅ ወንድምህን፣ አባትህ በተቀመጡበት፣ «አንተ ና ብላ» ያልክበትን ቀን አስበው፤ ያን ጊዜ ክብደቱ ይገባሃል።

ይህ ሥራ ፍሬውን ያሳየው በዴጆን ከተማ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጨዋታ ነው። ኮሪያ 1 ለ 0 እየተመራች ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ሂዲንክ ተከላካዮቹን አንድ በአንድ እያወጣ አጥቂ አስገባ። በ83ኛው ደቂቃ አንበሉን ሆንግን ራሱን አስወጣው። በዚያ ባህል አንጋፋውን፣ ያውም በጭንቅ ሰዓት፣ ከሜዳ ማስወጣት ምን ማለት እንደሆነ አሁን ይገባናል። ሶል ኪ ህዮን በ88ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። በመጀመሪያ ፍጹም ቅጣት ምት የሳተው አን ጁንግ ህዋን ደግሞ በ117ኛው ደቂቃ በግንባሩ ገጭቶ ጨዋታውን ጨረሰው። ልብ በሉ፤ ገጪው ሂዲንክ አይደለም።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ይህን አንቱታ የመሻር ሥራ አንድ ኮርያዊ አሰልጣኝ ቢጀምረው ምን ይባል ነበር? «ስድ»፣ «አሳዳጊ የበደለው»፣ «ባህል አጥፊ»። ሂዲንክ ግን እንግዳ ነው፤ «አያውቅም» ተብሎ ይታለፍለታል። የባዕዱ ትልቁ ሀብት ዕውቀቱ አይደለም፤ አለማወቁ የሚያስገኝለት ነፃነት ነው። ባለቤቱ ግን አወቀም አላወቀም ያ ነፃነት የለውም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ቃርሜ አይደለም። የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንድ ምሽት ሒሳብ ስንዘጋ፣ እጅግ የማከብራቸው አንጋፋ ባልደረባዬ 5,480 ብር ሊጽፉ 4,580 ብለው ሲጽፉ በዓይኔ አየሁ። «ጋሼ፣ ተሳስተዋል» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። እርሳቸውን ማረም እኔ ማን ነኝና? ሒሳቡ በ900 ብር አልዘጋ አለ። ልዩነቱ ለዘጠኝ ሲካፈል አኃዝ ተገለባብጦ ሊሆን እንደሚችል ማንኛውም የሒሳብ ሰው ያውቃል፤ ቢሆንም የቀኑን ወረቀት ሁሉ ስናገላብጥ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ቆየን። በመጨረሻ ስሕተቱን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። ቀና ብለው አዩኝና «አይተህ ነበር እንዴ?» አሉኝ። «አላየሁም» አልኩ። አክብሮት መስሎኝ ዝም አልኩ፤ አክብሮት መስሎኝም ዋሸሁ። ያን ምሽት የጎዳኋቸው እርሳቸውን ነው። የኮሪያን ወግ ባነበብኩ ቁጥር የምታስታውሰኝ ያቺ 900 ብር ናት።

«ይህ ሁሉ መልካም፤ ግን ዳኞቹስ?» የሚል እንደሚነሣ አውቃለሁ። በጣሊያኑ ጨዋታ ኢኳዶራዊው ባይረን ሞሬኖ ቶቲን በቀይ አስወጣ፤ የቶማዚንም ጎል ከጨዋታ ውጭ ነው ተብሎ ሻረ። በሩብ ፍጻሜው ግብፃዊው ገማል ጋንዱር ዳኛ በነበረበት ጨዋታ የስፔን ጎሎች ተሻሩ። ኮሪያም በመለያ ምት 5 ለ 3 አለፈች። ያ ሁሉ ንጹሕ ነበር ብዬ አልምልም። ነገር ግን ፖላንድን 2 ለ 0 ያሸነፉት በዳኛ አይደለም። ከዚያ በፊት ኮሪያ በአምስት የዓለም ዋንጫዎች 14 ጨዋታ አድርጋ አንድም አላሸነፈችም ነበር። ደግሞም ይህ ክርክር የሚጎዳው የእኔን ሐሳብ ሳይሆን የተአምር ሰባኪዎቹን ነው። በዳኛ ስሕተት የታገዘ ተአምር ምን ዓይነት ተአምር ነው? ኮሪያ በጀርመን 1 ለ 0፣ በቱርክ 3 ለ 2 ተሸንፋ አራተኛ ሆና ጨረሰች። አራተኛነት የሰው ልጅ ውጤት ነው፤ እንደ ሰው ሥራ ሲታይም ታላቅ ነው።

አውስትራሊያስ? ኅዳር 16 ቀን 2005 በሲድኒ ኡራጓይን በመለያ ምት አሸንፋ ከ1974 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም ዋንጫ አለፈች። ያን ሌሊት ሁለት ምት ያዳነው በረኛው ማርክ ሽዋርዘር፣ የመጨረሻውን ያስገባው ጆን አሎይሲ ነው። «ተአምር ሠሪው» ግን ምን አስቦ ነበር? ሽዋርዘርን ለመለያ ምቱ አስወጥቶ ሌላውን በረኛ ካላችን ሊያስገባ አሰናድቶ ነበር። ብሬት ኤመርተን መሮጥ አቃተውና የመጨረሻው ቅያሪ ለእርሱ ዋለ፤ ሽዋርዘርም በግዱ ቀረ። ሂዲንክ በዚህ አይታማም፤ አሰልጣኝ ያስባል፣ ይሳሳታል፣ ይታደላል። የሚታማው ሽዋርዘርን ረስቶ ሂዲንክን የሚያነግሠው ተራኪ ነው።

ተአምር ሠሪ ከነበረ ደግሞ ተአምሩ የት ሄደ? በ2008 ሩሲያን ይዞ የገዛ አገሩን ሆላንድን በባዝል 3 ለ 1 አሸነፈና ግማሽ ፍጻሜ ገባ፤ በ2009 ግን ያቺው ሩሲያ በስሎቬኒያ ተሸንፋ ከዓለም ዋንጫ ቀረች። በ2011 ቱርክን ይዞ በኢስታንቡል በክሮኤሺያ 3 ለ 0 ተረታ። በ2014 የአገሩን ቡድን ዳግመኛ ተረከበ፤ ዓመት ሳይሞላው በ2015 ለቀቀ፤ ሆላንድም ከ2016ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ቀረች። በ2019 ቻይና የኦሊምፒክ ቡድኗን ከእጁ ወሰደች። በ2021 ኩራሳውን ተሰናብቶ ከሥራው በጡረታ ወጣ። ቅዱስም አልነበረም፤ በ2007 የአገሩ ፍርድ ቤት በግብር ማጭበርበር የስድስት ወር የገደብ እስራትና የ45,000 ዩሮ ቅጣት ፈርዶበታል። ሰውየው ያው ሰውዬ፣ ዘዴውም ያው ዘዴ ነው። የተለየው የአስተናጋጁ እጅ ነው። ጊዜና ትዕግሥት ባገኘበት አፈራ፤ ባላገኘበት እንደማንኛውም አሰልጣኝ ተሸነፈ።

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን? በጥቅምት 2012 ሰውነት ቢሻው የተባለ የአገራችን አሰልጣኝ ሱዳንን በአዲስ አበባ 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መለሰን። በቀጣዩ ዓመት ለዓለም ዋንጫ በመጨረሻው የደርሶ መልስ ከናይጄሪያ ጋር አፋጠጠን። በ2014 መጀመሪያ በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የቻን ውድድር ሦስቱን የምድብ ጨዋታ ተሸነፈና ተሰናበተ። በምትኩ ፖርቱጋላዊ መጣ፤ የ2015ቱንም የአፍሪካ ዋንጫ በቴሌቪዥን ተመለከትነው። ሰውነት አይሳሳትም አልልም። የውጭ አገር አሰልጣኝ አይምጣም አልልም፤ እንግዳ ተቀባይነት ጌጣችን ነው። የምለው፣ የ31 ዓመት ደጅ የከፈተ ሰው የሦስት ጨዋታ ትዕግሥት ሲነፈገው፣ ያ የማርሴይ አምስት ለባዶ እኛም ቤት ተደገመ ነው።

እናንተ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችም ብትሆኑ ከዚህ ነፃ አይደላችሁም፤ እኔም አይደለሁም። ወጣት ገጣሚ የአንጋፋውን ስንኝ «ይህ ቤት ሰንፏል» ቢል ስድ እንለዋለን። ባዕድ ተመራማሪ ያንኑ ቢል «ጥልቅ ጥናት» እንላለን። አንጋፋው መታረም አይጠላ ይሆናል፤ እኛ ነን በስሙ የምንቆጣለት። ስለዚህም ስንኙ እንደ ሰነፈ ይቀራል፤ ወጣቱም «አላየሁም» ማለትን ይለምዳል።

ኮርያውያን ለሂዲንክ የክብር ዜግነት ሰጡት፤ የግዋንግጁን ስታዲየም በስሙ ጠሩለት። ይገባዋል። ለእኔ ግን ከስታዲየሙ የሚበልጥ ሐውልት አለ። በ2002 ከጎኑ በረዳትነት የቆመው ፓርክ ሃንግ ሶ በ2017 ወደ ቬትናም ሄደ፤ በ2018ም የደቡብ ምሥራቅ እስያን ዋንጫ አስገኘላት። አንበሉ ሆንግ ምዩንግ ቦ የኮሪያን ወጣቶች ይዞ በ2012 ለንደን ላይ የኦሊምፒክ ነሐስ አመጣ። ተአምር አይወረስም፤ ተአምር ሠሪው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ሙያ ግን ይወረሳል። የተወረሰ ነገር ካየን ሥራ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ቃሏን እዚህ ላይ ጣልኳት። ማንሣት የሚፈልግ ካለ ያንሣት፤ ግን አስቀድሞ ለቻ ቡም ኩን ምን እንደሚላቸው ያስብ።